ሂሳብ የወደቀው ልጅ ቀፊራ ላይ ሂሳብ ይሠራል

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ድሬዳዋ ነው የምኖረው፣ መጋላ። የምጽፍላችሁ የጎረቤቴ ልጅ ነገር እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው።

ልጁ እስከ ሦስተኛ ክፍል ገጠር በሶማልኛ ነው የተማረው። ዘንድሮ ቤተሰቡ ከተማ ገባ፤ ቦታ የተገኘበት ትምህርት ቤት ደግሞ የሚያስተምረው በአማርኛ ነው። በቃ፣ ልጁ ዝም አለ። ከኋላ አስቀመጡት። ሰርተፊኬቱ ላይ «ትኩረት ይጎድለዋል» ተብሎ ተጻፈበት፣ ሂሳብም ወደቀ። ማታ ቀፊራ ገበያ እናቱ አጠገብ ቆሞ ማንጎ ሲሸጥ ብታዩት ግን! ለአንዷ በሶማልኛ፣ ለሌላዋ በኦሮምኛ፣ ለእኔ ደግሞ በተሰባበረ አማርኛ ይመልሳል። የሁለት ኪሎ ተኩሉን ዋጋ ለማስላት ስልኬን ከቦርሳዬ ሳላወጣ እሱ መልሴን ቆጥሮ ሰጥቶኛል።

በወላጆች ስብሰባ ቀን እናቱ ከፊት ተቀምጣ ሁለት ሰዓት ሙሉ የተናጋሪዎቹን አፍ ስታይ ቆየች። ስንወጣ እጄን ያዝ አድርጋ በኦሮምኛ «ምን አሉ?» አለችኝ። ስለ ልጇ የተነገራትን ጭምር እኮ ነው የምትጠይቀኝ። አንጀቴን በላችው።

መምህራኑን ለመውቀስ አይደለም። በዚያ ሙቀት፣ በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ የሚችሉትን ያደርጋሉ። ግን ልጅ በአፍ መፍቻው እንዲማር ፖሊሲው ከወጣ ከ1986 ጀምሮ ስንት ዓመት ሆነው? በከተማችን በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በሶማልኛም የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ ያለው መሐል ላይ ነው፣ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው የሚሻገር ልጅ ጋ። ለእሱ ማንም አላሰበለትም። ባቡሩ በ1895 ከደረሰ ጀምሮ ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው ተቀብላ ያደገች ከተማ ይሄ ሊያቅታት አይገባም።

የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ የሚፈልግ ነገር አይደለም። እንዲህ ያለ ልጅ ሲመዘገብ ምን እንደሚያውቅ መጀመሪያ በሚችለው ቋንቋ ይጠየቅ። ከኋላ ሳይሆን ከፊት፣ ሁለቱንም ቋንቋ ከሚችል ልጅ ጎን ይቀመጥ፤ የድሬ ልጅ እንደሆነ ሁለት ሦስት ቋንቋ የሚችል አይጠፋም። ለመጀመሪያዎቹ ወራት ከትምህርት ሰዓት ውጭ አማርኛ የሚያለማምደው ሰው ይመደብለት። የወላጆች ስብሰባም ይተርጎም።

እናቱ ለሚቀጥለው ስብሰባ አጠገቧ እንድቀመጥ ከአሁኑ ለምናኛለች። እቀመጣለሁ። ግን ለእሷ እኔ አለሁ፣ በየትምህርት ቤቱ ላሉት ሌሎቹ እናቶች ማን ይተርጉምላቸው?

አንዲት የድሬዳዋ እናት