የዜማ መጻሕፍቱን እናትርፍ፤ አስቸኳይ የድጋፍ ጥሪ

የተወደዳችሁ አባላትና ወዳጆች፣

የፈራነው ደረሰ። በነሐሴው ዝናብ የመጻሕፍት ክፍላችን ጣሪያ ተደርምሶ በዜማ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይ ወደቀ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው አልተጎዳም። መጻሕፍቱ ግን ረጥበዋል። የጣሪያውን መዋጮ ከክረምቱ በፊት ጀምረነው ነበር፤ መሃል ላይ ተቀዛቅዞ ቆመ። ደጋግሞ መለመን ለኛም ይከብዳል፣ ደክሞናልም። ግን ዝም የምንልበት ጊዜ አይደለም።

አንዱን ጾመ ድጓ፣ የዐቢይ ጾምን የዜማ መጽሐፍ፣ ስንከፍት ገጾቹ ተጣብቀው አገኘናቸው። ከፊደሉ በላይ ያሉት የዜማ ምልክቶች ምን ያህል ጥቃቅን እንደሆኑ ታውቃላችሁ። ነጠላዋ ነጥብ «ይዘት» የምትባለው ምልክት ናት፤ ነጥቦች ሲደረደሩ «ርክርክ» የሚባለው ሌላ ምልክት ይሆናሉ። ውሃ አንዷን ነጥብ ካጠፋ፣ ወይም ሻጋታ ሌላ ነጥብ ካስመሰለ ተማሪው የሚያዜመው ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ፀሐይ ላይ አላሰጣናቸውም። በየገጹ መሃል ንጹሕ ነጭ ወረቀት እያስገባን፣ ጥላ ውስጥ በቬንትሌተር እያናፈስን ነው። ወረቀቱ ሲርስ ይቀየራል። እሱም ገንዘብ ይፈልጋል።

እዚህ ያደረስነውን አትርሱብን። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ በአገራችን የታተሙ የዜማና የቅዳሴ መጻሕፍትን አንድ በአንድ ለቅመናል። የትንሣኤ ዘጉባኤ ማተሚያ ቤት ሕትመቶችም አሉን። ከነሱ ጎን ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የተባሉትን ቅኝቶች በአምስት መስመር ኖታ ያሰፈሩ፣ በስቴንስል የተባዙ የክራርና የማሲንቆ ማስተማሪያዎች ተቀምጠዋል። በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም የመጡት «አርባ ልጆች» የተባሉት አርመናውያን ወላጅ አልባ ሙዚቀኞችና መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ያስፋፉት የኖታ ትምህርት በኋላ እንዴት ወደ ተማሪው ደብተር እንደወረደ የሚያሳዩት እንዲህ ያሉ ቀጫጭን ወረቀቶች ናቸው። እንደ መጽሐፍ ስላልተቆጠሩ ብዙ ቦታ ተጥለዋል።

«ጣሪያው ሳይታደስ ለአሮጌ ወረቀት መግዣና ለስካነር ይህን ያህል ብር?» ያላችሁን አልተቀየምንም። መልሳችን ግን ያው ነው። መርካቶና ብሔራዊ ቴያትር አካባቢ ያለ ሻጭ አይጠብቀንም፤ ዛሬ ያልገዛነው ማስተማሪያ ነገ የስኳር መጠቅለያ ሆኖ ይቀራል። ስካነሩም ቅንጦት አልነበረም። ዛሬ ከረጠቡት መካከል ቀድመን ስካን ያደረግናቸው ምንም ቢሆኑ ይዘታቸው አልጠፋም። ያልደረስንባቸው ናቸው እንቅልፍ የሚነሱን። ሒሳቡ በኦዲት ኮሚቴው ታይቷል፤ ደረሰኞቹ ፋይል ውስጥ ናቸው፤ መጥቶ ማየት የሚፈልግ ይምጣ።

አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን የዜማውን ምልክት ባያደራጁልን ኖሮ ዛሬ ምን ይዘን እንማር ነበር? የአባቶቻችንን አደራ ተቀብለናል። ለቤተ ክርስቲያን ልጅ ይህ ግዴታ ነው። ሙዚቃን በዓለማዊው መንገድ ለምትወዱም አደራው ያው ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ።

አሁን የሚያስፈልገን ቆርቆሮ፣ ማገር፣ የብረት መደርደሪያና የማድረቂያ ወረቀት ነው። የእጅ ሙያ ያላችሁ ጉልበታችሁን ስጡን። ዋሽንግተንም ሆነ ዱባይ ያላችሁ፣ የአያቶቻችሁ ሣጥን ውስጥ የዜማ መጽሐፍ ወይም የኖታ ደብተር ካለ ቢያንስ ፎቶውን ላኩልን።

ገንዘቡን የምታስገቡት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በማኅበሩ ስም በተከፈተው ሒሳብ ብቻ ነው። ቁጥሩ በአባልነት ደብተራችሁ የጀርባ ሽፋን ላይ ታትሟል። ደብተር የሌላችሁ ከጽሕፈት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ውሰዱ። ወጪ የሚሆነው በሦስት ሰው ፊርማ ነው። እባካችሁ በግለሰብ ስልክ በቴሌብር አትላኩ፤ ኮሚቴው በማንም ግለሰብ ስም ገንዘብ አይሰበስብም። በድጋሚ፦ በማኅበሩ ስም፣ በደብተሩ ጀርባ ባለው ቁጥር። ስታስገቡ ምክንያቱ ላይ «ለጣሪያ» ብላችሁ ጻፉ፤ የባንኩን ወረቀት ለገንዘብ ያዡ አሳዩና የማኅበሩን ደረሰኝ ተቀበሉ። ሥራው የሚጀመረው የመስቀል ማግስት ስለሆነ ከዚያ በፊት ብታስገቡልን ቆርቆሮውን በአንድ ጊዜ እንገዛለን።

የመጻሕፍት አሰባሳቢ ኮሚቴው