ለሐኪሞቼ፣ ለቤተሰቤና ለካራ ጎረቤቶቼ በሙሉ

የቀኝ ዓይኔ ብርሃን ተመልሷል። ጠባሳ ስለቀረ መሃሉ ላይ ትንሽ ብዥ ይላል። ግን መርፌ ላይ ክር አስገባለሁ፤ ለልብስ ሰፊ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ፈጣሪ ይመስገን። ከእሱ ቀጥሎ የማመሰግናቸው አሉ።

መጀመሪያ የሰፈራችን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ። የልጇን ዩኒፎርም ልታሰፋ ሱቄ መጥታ ነው ነገሩን የሰማችው። ባለ መስመር ጨርቅ ስቆርጥ መስመሩ ተጣሞ ይታየኝ ነበር። እንደ ትንኝ የሚንሳፈፉ ጥቁር ነጠብጣቦችም ነበሩ። ዓይኔ አልቀላም፣ አላመመኝም። አንድ መድኃኒት ቤት አለርጂ ነው ብሎ ጠብታ ሸጦልኛል። እሷ ግን “ጋሼ፣ ባይቀላም ባያምም ማየት ከቀነሰ ነገ ዛሬ አይባልም” አለችኝ። ጤና ጣቢያ ድረስ ይዛኝ ሄዳ ሪፈር አጻፈችልኝ። እህቴ፣ ዓይኔን ያተረፍሽው አንቺ ነሽ። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ።

ቀጥሎ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ሐኪሜ። ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ አድርገው ውስጡን አዩት። ሬቲናዬ ላይ፣ ማለትም ብርሃን በሚቀበለው የዓይን ጀርባ ሽፋን ላይ፣ ከአሮጌ ጠባሳ አጠገብ፣ አዲስ ነጭ ቁስል ነበር። የዓይን ጀርባ የሚቆጣው በብዙ ምክንያት ነው አሉኝ፤ በቲቢ፣ በቂጥኝ፣ በቫይረስ፣ አንዳንዴም ሰውነት ራሱን ሲያጠቃ። የደም ምርመራና የደረት ራጅ ያዘዙት ለዚህ ነው። የእኔ ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተህዋስ ሆነ። በደንብ ባልበሰለ ሥጋ፣ ባልታጠበ አትክልት፣ በድመት ዓይነ ምድር በተበከለ አፈር ይገባል። ከገባ በኋላ ለዓመታት ተኝቶ ቆይቶ ሊነሳ ይችላል። ክትፎ ለምንወድ ሰዎች ከባድ ወሬ ነው። በተለይ ነፍሰ ጡር ያለባችሁ ቤቶች አደራ፣ ወደ ጽንሱ ሊተላለፍ ስለሚችል ሥጋው በደንብ ይብሰልላት።

ሕክምናው ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ተህዋሱን የሚገታው ኮትሪሞክሳዞል ተጀመረ። ቁጣውን የሚያበርደው ፕሬድኒሶሎን የተጨመረው ከዚያ በኋላ ነው። ፕሬድኒሶሎን ብቻውን ቢሰጥ ተህዋሱ ሊስፋፋና ዓይኔን ሊያጠፋው ይችል ነበር። ሲያበቃም በአንዴ አይቆምም፣ ቀስ በቀስ ይቀነሳል። ደጅ ያን ሁሉ ሕመምተኛ እያስጠበቁ ይህን አንድ በአንድ አስረድተውኛል። ዶክተር፣ እጅዎ ይባረክ! ካርድ ክፍል፣ ላብራቶሪና ራጅ ያስተናገዳችሁኝም እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ባለቤቴ፣ ያ ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ሲደረግልኝ ፀሐዩን መቋቋም ስለማልችል ነጠላሽን ግንባሬ ላይ ጥለሽ፣ እጄን ይዘሽ፣ ከምኒልክ መገናኛ፣ ከመገናኛ ካራ አመላልሰሽኛል። ፕሬድኒሶሎኑ እንቅልፍ ነስቶኝ ስነጫነጭ ችለሽኛል። ጨው የቀነሰ ወጥ ለብቻዬ ሠርተሽልኛል። የአንቺን ውለታ በጽሑፍ አልጨርሰውም።

የእቁባችን አባላት፣ ሱቄ ተዘግቶ ገቢ ባጣሁበት ወር ዕጣ የወጣለት ወንድማችን ለእኔ ለቀቀልኝ፤ ማንም ቅር አላለውም። የመድኃኒቱና የትራንስፖርቱ ወጪ የተሸፈነው በዚያ ነው። ተራዬ ሲደርስ ዕጣው የእሱ ነው።

ቁስሉ ዳግም ሊነሳ ስለሚችል ክትትሌ ይቀጥላል። ሱቁ ከሰኞ ጀምሮ ክፍት ነው። ጨርቃችሁን እኔ ጋ ትታችሁ በትዕግሥት የጠበቃችሁኝ ደንበኞቼ፣ ቅድሚያ የእናንተ ነው።