የንባብ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ፍቅረኞቹ እስኪገናኙ

የትምህርት ቤታችን የንባብ ክበብ ዘንድሮ ያነበበው አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው። በመስከረም ባቀረብነው ዕቅድ ላይ አራት መጻሕፍት ነበሩ። ሦስቱን አጫጭርና ታሪካቸው ፈጣን በመሆኑ የመረጥኳቸው እኔ ስሆን፣ አራተኛውን፣ የክቡር ዶክተር ሀዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን፣ ያስገቡት ተማሪዎቹ ናቸው። ስሙን ከቤተሰብ ሰምተዋል፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ያዳመጡ ዘመዶች ያሏቸውም አሉ። የጓጉት ለበዛብህና ለሰብለ ወንጌል ፍቅር ነበር። እኔ በበኩሌ ሥጋት ነበረኝ። ለዓመታት ከመጽሐፉ ቅንጫቢ እየወሰድኩ ባስተምርም ሙሉውን ካነበብኩት ብዙ ዘመን አልፏል፤ በልቤ የቀረውም ረጅምና ዝግ ያለ መሆኑ ነበርና፣ የዛሬ ተማሪ ይህን ያህል አይታገሥም ብዬ ደምድሜ ነበር። ተሳስቼ ነበር፤ ይህ ዘገባም በአብዛኛው የዚያ ስሕተት ታሪክ ነው።

ስብሰባችን መጀመሪያ ሐሙስ የነበረ ሲሆን፣ በገበያ ቀን ወላጆቻቸውን የሚያግዙ አባላት ስላሉ ወደ ረቡዕ አዛወርነው። ለ23 አባላት የነበረን 6 ቅጂ ብቻ በመሆኑ፣ ተራ በተራ ጮክ ብሎ ከማንበብ ሌላ ምርጫ አልነበረንም። አሁን ሳስበው ለመጽሐፉ የሚስማማው ንባብ ይኸው ነበር፤ ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው ገጽ ሊዘልል አይችልምና።

መጽሐፉ የሚከፈተው በጎጃም፣ በማንኩሳ ነው። ደራሲው አገሩንና ሰዉን ሳይቸኩሉ ካሳዩ በኋላ ወደ በዛብህ ወላጆች ያልፋሉ፤ ባሎቿ እየሞቱባት ሰው ወደሚፈራት ወደ ውድነሽ በጣሙና ወደ ድኻው ቦጋለ መብራቱ። በሦስተኛው ሳምንት፣ ጥቅምት ገብቶም ያልተወን የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበ አንባቢውን ድምፁን ከፍ እንዲያደርግ ሲያስገድደው፣ አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ ፍቅረኞቹ የታሉ?» ሲል ጠየቀኝ። ይመጣሉ አልኩት፤ ለራሴ ግን ክበቡ እስከዚያ ይበተናል የሚል ፍርሃት አደረብኝ።

በሚቀጥለው ረቡዕ ተራው የአንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ስለ ውድነሽ የተጻፈውን አንብባ ስትጨርስ መጽሐፉን ለቀጣዩ አላቀበለችም፤ ጣቷን በገጹ መካከል እንዳስገባች ቆየችና፣ «በሰፈራችን እንዲህ ሰው የሚፈራት ሴት አለች፤ ቡና እንኳ የሚጠራት የለም» አለች። ጎረቤት ቡና በማይጠራራበት ቀን የታመመ ወይም የተጣላ አለ ተብሎ በሚታሰብበት በእኛ ከተማ፣ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አላስፈለገም። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ፍቅረኞቹ የጠየቀኝ የለም።

ሌላው ሥጋቴ የቤተ ክህነቱ ትምህርት ነበር። በዛብህ ሚስት ሳያገባ ቤተ ክርስቲያንን እንዲያገለግል ወላጆቹ የተሳሉት ልጅ ነው፤ የሕይወቱ መንገድም በቆሎ ተማሪነትና በአብነት ትምህርት ቤት ያልፋል። ከአባሎቻችን የሚበዙት ሙስሊሞች በመሆናቸው ዜማውና ቅኔው ባዕድ ይሆንባቸዋል ብዬ ማብራሪያ አዘጋጅቼ መጣሁ፤ ወረቀቱን ግን ከኪሴ አላወጣሁትም። አንድ ተማሪ አያቱ ደረሳ እንደነበሩ፣ ቁርአን ለመቅራት ከአንዱ ሼህ ወደ ሌላው በእግራቸው እየሄዱ፣ ሰው የሰጣቸውን እየበሉ እንደኖሩ ነገረን። ቀጥሎም ኦርቶዶክስ የሆነችው ጓደኛው የአጎቷን የቆሎ ትምህርት ቤት ኑሮ አወጋች። ሁለቱ ልጆች የአያትንና የአጎትን መንገድ ሲያነጻጽሩ ጊዜው አለቀ። በዚያ ዕለት የተነበበው ሁለት ገጽ ብቻ ነው።

ከቅጂዎቻችን አንዱ ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ከአንድ ተማሪ አያት ቤት የመጣ አሮጌ መጽሐፍ ነው። እሱን የያዘችው ልጅ በፊደሎቹ ራስ ላይ ያሉት ነጠብጣቦች የማተሚያ ቤት ስሕተት መስለዋት ጠየቀችኝ። ሀዲስ ዓለማየሁ የአማርኛ አጻጻፍ እንዲሻሻል ይሟገቱ ስለነበር፣ ጠብቆ በሚነበበው ፊደል ላይ ነጥብ አድርገዋል። «ገና አልመጣም» ስንል ላልቶ፣ «የገና በዓል» ስንል ጠብቆ የሚነበበውን «ገና» በሰሌዳ ላይ ጽፌ ላስረዳ ስጀምር፣ ከኋላ የተቀመጠ ተማሪ ቀደመኝ፤ በአፋን ኦሮሞ ቁቤ የሚጠብቀው ተነባቢ እንደሚደገም፣ «ባዳ» ሳይደገም መጥፎ፣ ሲደገም ደግሞ ደጋ ማለት እንደሆነ አስረዳና «ሀዲስ በነጥብ የጻፉትን እኛ በሁለት ፊደል እንጽፈዋለን» አለ። ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ በመጽሐፉ ላይ ያለውን ነጥብ እኔ ይህን ያህል ዓመት ሳስተምር ከጌጥ ለይቼ አላየሁትም ነበር። ከዚያ ወዲህ አንባቢዎቹ በየነጥቡ ረገጥ እያሉ ሲያነቡ፣ የሀዲስ አማርኛ ስንቱ ቃል ላይ እንደሚያርፍ በጆሮዬ ሰማሁ።

ጉዱ ካሳ ጋ ስንደርስ ንባባችን ከሁሉም ይበልጥ ዘገየ። ተማሪዎቹ በስሙ ምክንያት የሚያስቅ እብድ ጠብቀው ነበር፤ ያገኙት ግን ሰው ሁሉ ሳይጠይቅ የሚኖርበትን ልማድ መሠረቱን የሚጠይቅ ሰው ነው። ከበዛብህ ጋር የሚያደርጋቸው ረጃጅም ጭውውቶች ምንም ድርጊት የሌለባቸው ቢሆኑም ክበቡ ሁለቴ አስነብቧቸዋል፤ አንድ ጊዜ እኔ ሳልኖር፣ በራሳቸው ፈቃድ። የገበሬዎች ዓመፅም፣ ስደትም፣ ሞትም ያለበትን መጽሐፍ ጸጥተኛ የምለው ለዚህ ነው። ደራሲው ትልቁን ድርጊት ከማምጣታቸው በፊት ሰው ብቻውን ሲያስብ እንድናየው ይታገሣሉ፤ የበዛብህ ፍቅርም ቢሆን አብዛኛው ከስለቱ ጋር በልቡ የሚያደርገው ክርክር ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ቤት ሰብለ ወንጌልን ለማስተማር ሲገባ፣ ልጆቹ በመስከረም እንደጠበቅኩት አልጮኹም። ስለቱን ያውቁ ነበርና ፈሩለት።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ስለ ደራሲው ሕይወት አጭር ጥናት አቅርበናል። ወጣቱ ሀዲስ ከራስ እምሩ ሠራዊት ጋር ጣሊያንን ሲወጉ ተማርከው በጣሊያን አገር መታሰራቸውን፣ የራስ እምሩ ጦር በ1929 ዓ.ም. እጁን የሰጠውም ከእኛ በስተደቡብ በሚፈሰው በጎጀብ ወንዝ አካባቢ መሆኑን ሲሰሙ፣ የጎጃሙ መጽሐፍ ለጅማ ልጆች ቀረባቸው። ወደ ቦንጋ የሚሄደውን መንገድ የሚያውቁ ተማሪዎች ወንዙን ለሌሎቹ ሲገልጹ አምሽተዋል።

የመጨረሻውን ምዕራፍ በሰኔ መጀመሪያ ጨረስን። አንባቢዋ መጽሐፉን ዘግታ ተቀመጠች፤ ደብተሩን የሰበሰበ አልነበረም፤ የግቢው ዘበኛ ክፍሉን ሊዘጋ መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀን። ሦስቱ ያልተነበቡ መጻሕፍት ለከርሞ ተላልፈዋል። «ፍቅረኞቹ የታሉ» ብሎ የጠየቀኝ ተማሪ ሽፋን የሌለውን ቅጂ ለክረምት ተውሷል፤ በቤቱ ለእናቱ ከማንኩሳ ጀምሮ እያነበበላቸው እንደሆነ ነግሮኛል።