«እርጅና ነው» ብለሽ አትለፊ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ስለምትንከባከቢያቸው አዛውንት የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። ምግብ አልበላም ይላሉ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይውላሉ፤ ባልደረቦችሽም «እርጅና ነው» አሉሽ። እርጅና ብቻውን ሰውን እንዲህ አያደርግም። «እርጅና ነው» ብለሽ አትለፊ።

መጀመሪያ ለውጡ መቼ እንደጀመረ አጣሪ። በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ድንገት የመጣ ከሆነ፣ አንዴ ንቁ አንዴ ፍዝዝ የሚሉ ከሆነ፣ በዚያው ፈረቃ ለነርሷ ንገሪ። የሽንት ኢንፌክሽን፣ የውሃ እጥረት፣ የሆድ ድርቀት፣ አዲስ መድኃኒት አረጋዊን ያደናግራሉ፤ ለእንቅልፍ ተብሎ የሚሰጠው ዳይፈንሃይድራሚን ሳይቀር። መደናገሩ ሁልጊዜ በጩኸት አይመጣም። ዝም ብሎ መተኛት ስለሚመስል ነው የሚያመልጠን።

ቀስ ብሎ መጥቶ ሁለት ሳምንት ከዘለቀ ድባቴ፣ የማይለቅ የመንፈስ መከፋት፣ ሊሆን ይችላል፤ 15 ጥያቄ ያለው የአረጋውያን የድባቴ መለኪያ ይሞላላቸው። ከ5 በላይ ካመጡ ሐኪም ይያቸው። የከፋ የመርሳት በሽታ ካለባቸው ግን በመልሱ አትተማመኚ። ብዙ አዛውንት «አዘንኩ» አይሉም፤ «ወገቤን፣ ሆዴን» ነው የሚሉት። «መኖር ሰልችቶኛል» ካሉ ራሳቸውን ለመጉዳት አስበው እንደሆነ በግልጽ ጠይቂያቸው። መጠየቅሽ ሐሳቡን አያመጣባቸውም። «አዎ» ካሉሽ ጥለሻቸው አትሂጂ፣ ሰው ጥሪ።

እቴትዬን አስታውሺ። ጨዋታ ጠልተው አልነበረም፣ ጆሯቸው በኩክ ተደፍኖ ነው። ሰው ሲስቅ አይተው ይስቁ ነበር፤ ምን እንደተባለ ግን አልሰሙም። ያ ሳቅ ዛሬም ሆዴን ይበላኛል። እሳቸውንም «እርጅና ነው» ነበር የተባሉት። አንቺ አትበይ! ዛሬውኑ የአዛውንቷን የመስሚያ መሣሪያ ክፈቺው፤ ባትሪው አልቆ ወይም ቱቦው በኩክ ተዘግቶ ይሆናል። መነጽራቸውንም ጥረጊ።

የድባቴ መድኃኒት ከታዘዘላቸው በሦስት ቀን ለውጥ አትጠብቂ፤ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይፈልጋል። አንዳንዱ መድኃኒት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም የሚባል ጨው ያወርዳል፤ ከተንገዳገዱ ወይም ግራ ከተጋቡ ደማቸው ይመርመር።

እስከዚያው ጠዋት ጠዋት ግማሽ ሰዓት ብርሃን ላይ አስቀምጫቸው፣ የቀን እንቅልፋቸው አይርዘም። ሁለት ቀሚስ ይዘሽ «የትኛውን ይለብሳሉ?» በያቸው። ፎጣ ማጠፍ ከወደዱ አሥር ደቂቃ አብረሻቸው እጠፊ፤ ቴሌቪዥን ፊት ማስቀመጥ ማጫወት አይደለም። እንደ ሕፃን አታናግሪያቸው፣ የኔ ልጅ፤ እሱ ያስቀይማል።

ሐኪሙ ሲመጣ የየሳምንቱን ክብደታቸውንና የመድኃኒቶቻቸውን ዝርዝር አዘጋጅተሽ ጠብቂው። በወር 5 በመቶ ከቀነሱ ግን እስኪመጣ አትጠብቂ፣ ደውዪ። አንቺም በሌሊት ፈረቃ ሳትበዪ አትደሪ።

እናትሽ