በከሰል ጉድጓድ ውስጥ ለቀሩት ሠራተኞች የስም መዝገብ ይውጣ

ለተከበሩ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ
አዲስ አበባ

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለመጻፍ የተገደድኩት፣ በመዝገብ ቤትዎ በኩል ገቢ ያደረግኋቸው ማመልከቻዎች አንድም የጽሑፍ መልስ ሳያገኙ ስለቀሩ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉን ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት እንደሚመስል አውቃለሁ፤ ሆኖም የሥራ ሁኔታን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤትዎ የሚሠራው ሕጉ ጨርሶ እንዳልወጣ ሆኖ ስለሆነ፣ ጥቂት መጥቀሴን ይታገሡኛል።

የአክስቴ ልጅ ሜክሲኮ አካባቢ በሚሠራ ሕንፃ ላይ ሲሚንቶ ተሸካሚ ነበር። በኋላ በደላላ አማካይነት ወደ ደቡብ ምዕራብ ሄዶ የድንጋይ ከሰል መቆፈር ጀመረ። ባለፈው ክረምት ዝናብ ያራሰው የጉድጓዱ ግድግዳ ተደርምሶ ከባልደረቦቹ ጋር ተቀበረ፤ አስከሬኑም አልወጣም። አክስቴ ከመሥሪያ ቤትዎ የጠየቁት የልጃቸው ስም ከሟቾች ጋር እንዲመዘገብ ብቻ ነበር። መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ሠራተኛ ኮምፒውተሩን ተመልክቶ «ስሙ ሲስተም ውስጥ የለም» አላቸው፤ ቀጥሎም ልጁ ቅጥር ሠራተኛ ስለመሆኑ ማስረጃ እንዲያመጡ አዘዛቸው። ማስረጃው የመግቢያ ካርዱ ነበር፤ ካርዱ ደግሞ ኪሱ ውስጥ እንዳለ አብሮት ተቀብሯል። ከሰል አውጪው ድርጅት «የንዑስ ተቋራጩ ሠራተኛ ነው» ይላል፤ ንዑስ ተቋራጩ ስልኩን ዘግቷል።

የሥራ ውል በጽሑፍ አለመደረጉ የሠራተኛውን መብት እንደማያሳጣ፣ አሠሪውም በሥራ ላይ የደረሰን አደጋ መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪው ማሳወቅ እንዳለበት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደንግጓል። መመዝገብ የአሠሪው፣ መመዝገቡን መቆጣጠር የእናንተ ግዴታ ሆኖ ሳለ፣ የማስረጃው ሸክም ልጃቸውን ባጡ እናት ላይ የወደቀው በየትኛው አንቀጽ ነው? ከዚያው ጉድጓድ የወጣውን ከሰል የጫነ መኪና ግን «ሲስተም ውስጥ የለም» ተብሎ አያልፍም፤ ይመዘናል፣ ሮያሊቲው (ለመንግሥት የሚከፈለው የማዕድን ድርሻ) ይሰላል፣ ደረሰኝ ይቆረጥለታል። ልጁ ሞቱ ስላልተመዘገበ የሞት ምስክር ወረቀት እንኳ የለውም። በመንግሥት መዝገብ እስከ ዛሬ በሕይወት ያለ፣ በድርጅቱ መዝገብ ደግሞ ፈጽሞ ያልነበረ ሰው ነው።

አስከሬን ካልተገኘ መመዝገብ አይቻልም የሚለውን ምክንያት ሰምቻለሁ። እ.ኤ.አ. ጁን 6 ቀን 1972 በያኔዋ ሮዴዥያ (በዛሬዋ ዚምባብዌ)፣ ዋንኪ በተባለው የከሰል ማውጫ በደረሰው ፍንዳታ 427 ሰዎች ሞተዋል፤ የአብዛኞቹ አስከሬን ሳይወጣ ጉድጓዱ ቢታሸግም፣ በውስጡ የቀሩትም ከሟቾቹ ጋር ተቆጥረዋል። ያን ያደረገው ጥቁር ሠራተኛን እንደ ሰው የማይቆጥር የነጮች አገዛዝ ነበር፤ እናንተ ከእርሱ ያነሰ ትሠራላችሁ ብዬ ማሰብ ይከብደኛል። በቤልጅየም ማርሲኔል እ.ኤ.አ. ኦገስት 8 ቀን 1956 ከሰል ማውጫው ውስጥ በተነሣው ቃጠሎ 262 ሰዎች አልቀዋል፤ 136ቱ እንጀራ ፍለጋ የመጡ ጣሊያኖች ነበሩ። በየዓመቱ በዕለቱ ደወሉ 262 ጊዜ ይደወላል፣ ስማቸውም ይነበባል። ያ የሚሆነው ስም የጻፈ ጸሐፊ ስለነበረ ነው።

በመሐል ከተማችን የሚነሡት ሕንፃዎች ሲሚንቶ የሚጋገረው ወደ 1,450 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ነው፤ ለምድጃው ከሚነደውም አንዱ ይኸው ከሰል ነው። ከውጭ የሚገባውን ከሰል በአገር ውስጥ ምርት ስለ መተካት በየመድረኩ ሲነገር፣ የዳነው የውጭ ምንዛሪ በዶላር ተሰልቶ ይቀርብልናል። የሞቱትን ቆፋሪዎች ቁጥር ግን ከየትኛውም መድረክ ሰምቼ አላውቅም።

ሐውልት አልጠየቅንም። የጠየቅነው በከሰል ጉድጓዶች የሞቱ ሠራተኞች፣ በንዑስ ተቋራጭ የተቀጠሩትንም ጨምሮ፣ በስም፣ በቀንና በቦታ ተመዝግበው ዝርዝሩ ለሕዝብ ይፋ እንዲሆን፤ ለአክስቴም የልጃቸው ሞት የተረጋገጠበት ደብዳቤ እንዲሰጣቸው ነው። መልስዎን እንደ እስከ ዛሬው በመስኮት በቃል ሳይሆን፣ ቁጥርና ማኅተም ባለው ጽሑፍ እጠብቃለሁ። መልሱ «አይቻልም» ከሆነም፣ የከለከለው ሰው ስምና ፊርማ ይኑርበት።

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም