ገጻችሁ በየብራውዘሩ ለምን ትንሽ ይለያያል?

ውድ ደንበኞቻችን፣

«ገጻችን አንዱ ብራውዘር ላይ ሦስት ዓምድ፣ ሌላው ላይ አንድ ዓምድ ሆኖ ይታያል፤ ተበላሽቷል እንዴ?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰናል። አልተበላሸም። ሆን ብለን ነው።

የገጽን አቀማመጥ የሚወስነው ሲኤስኤስ (የገጹን መልክ ለብራውዘሩ የሚነግር የኮድ ቋንቋ) ነው። ድሮ ዓምዶችን ጎን ለጎን ለማቆም ፍሎት የሚባል የሲኤስኤስ ትእዛዝ እንጠቀም ነበር። ፍሎት እኮ የተሠራው ጽሑፍ በሥዕል ዙሪያ እንዲፈስ ነው፤ ለገጽ አቀማመጥ ሲውል አንዱ ዓምድ ትንሽ ከሰፋ ቀጣዩ ወደ ታች ይወርድና ሁሉም ነገር ይተረማመሳል። አሁን በአንድ መስመር ለሚደረደር ነገር ፍሌክስቦክስ፣ ረድፍና ዓምድ አብረው ለሚፈለጉበት ደግሞ ግሪድ የሚባሉ የሲኤስኤስ ዘዴዎችን እንጠቀማለን። ግሪድ እ.ኤ.አ. በ2017 ክሮም፣ ፋየርፎክስ፣ ሳፋሪና ኤጅ ውስጥ ገብቷል። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 11 የሚያውቀው ግን የግሪድን የቆየ ረቂቅ ብቻ ነው።

ደግነቱ፣ ብራውዘር ያልገባውን የሲኤስኤስ መስመር ዘሎት ያልፋል። ስለዚህ መጀመሪያ ሁሉም የሚረዳውን ተራ አቀማመጥ እንጽፋለን፤ ግሪዱን «ይህን ትችላለህ?» ብሎ ከሚጠይቅ ሕግ ሥር እናስገባዋለን። የማይችለው ብራውዘር አንድ ዓምድ ያሳያል። ጽሑፉ ይነበባል፣ ቁልፉ ይሠራል። ለጥንት ብራውዘር ተብሎ ሌላውን ሁሉ ማክበድ በእኛ እምነት አያዋጣም።

ፍጥነቱስ? እዚህ ላይ ነው ዋናው ጣጣ። ብራውዘር በገጹ ራስጌ (ከሚታየው ይዘት በፊት በሚነበበው የኮዱ ክፍል) የተጠራው የሲኤስኤስ ፋይል እስኪደርሰው ድረስ ገጹን አይስልም፤ ያ የምታማርሩበት ነጭ ስክሪን አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። አንድ ፋይል በውስጡ ሌላውን ኢምፖርት በሚባል ትእዛዝ ሲጠራ ደግሞ ይብሳል፤ ሁለተኛው መኖሩ የሚታወቀው የመጀመሪያው ወርዶ ከተነበበ በኋላ ነውና፣ ሰልፍ ይፈጠራል። እኛ ሁሉንም ከገጹ ራስጌ ሊንክ በሚባል የኮድ መስመር ስለምንጠራቸው አብረው ይወርዳሉ። ለፕሪንት ብቻ የሚሆነውን «ለፕሪንት» ብለን ምልክት እናደርግበታለን፤ ይወርዳል፣ ግን ስክሪኑን አያስጠብቅም።

«ቀለሙን ቀየርን አላችሁ፣ እኔ ጋ ግን ያው ነው» የምትሉትም አለ። ብራውዘሩ ያስቀመጠውን የቆየ ፋይል እያሳያችሁ ነው። ለዚህ ሲባል ለውጥ ባደረግን ቁጥር የፋይሉን ስም እንቀይራለን፤ ስሙ አዲስ ከሆነ ብራውዘሩ አዲሱን ከማውረድ ሌላ ምርጫ የለውም።

የሚያስቸግር ነገር ስታዩ የብራውዘሩን ስም፣ ቨርዥኑንና ስክሪንሾት አብራችሁ ላኩልን። «አይሠራም» ብቻ ከሆነ ከየት እንደምንጀምር ግራ ይገባናል።

ከሰላምታ ጋር፣
የድረ ገጽ ሥራ ቡድናችሁ