ዓሣችን ሲታመም ወዴት እንሂድ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በጎንደር ዙሪያ ከእርሻቸው ጎን በኩሬ ቆሮሶ የተባለውን ዓሣ ከሚያረቡ ገበሬዎች አንዱ ነኝ። ይህን የምጽፈው ባለፈው ክረምት በእኔ ላይ የደረሰው ጥፋት በጎረቤቶቼም ላይ መድረሱን ስለሰማሁና የእንስሳት ሕክምና አገልግሎታችን ዓሣንም ከእንስሳት እንዲቆጥር ለማሳሰብ ነው።

ሰማዩ ለሁለት ቀን ሳይገለጥ ቆይቶ በሦስተኛው ቀን ሊነጋ ሲል ወደ ኩሬው ብወርድ፣ ዓሦቹ ከውሃው ገጽ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ረፋዱ ላይ ብዙዎቹ ተንጋለው ተንሳፈፉ። በአቅራቢያዬ ወዳለው የእንስሳት ጤና ኬላ ሮጥኩ። ባለሙያው ላሜን ደጋግሞ ያዳነልኝ ቅን ሰው ነው፤ ነገር ግን ዓሣ አክሞ እንደማያውቅና በኬላውም ለዚህ የሚሆን መሣሪያ እንደሌለ ሳይደብቅ ነገረኝ። እኔም በሰው ምክር ለከብት የሚሰጠውን ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለ አንቲባዮቲክ ገዝቼ ከውሃው ጨመርኩ፤ ዓሦቹ ግን መሞታቸውን አላቆሙም።

ኋላ የእንስሳት ሐኪም የሆነ ዘመዴ መጥቶ ነገሩን ሲጠይቀኝ፣ ዓሦቹን የፈጃቸው የኦክስጅን እጥረት እንጂ በሽታ እንዳልሆነ አስረዳኝ። ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው አልጌ ቀን በፀሐይ ብርሃን ኦክስጅን ይሰጣል፤ ሌሊት ግን እርሱም እንደ ዓሣው ስለሚጠቀም መጠኑ እጅግ የሚያንሰው ጎሕ ሊቀድ ሲል ነው። ሰማይ ሲደምን ቀን የሚገኘው ይቀንሳል፤ በዚያ ላይ ቶሎ ይድለቡልኝ ብዬ ያበዛሁት ፉርሽካና ፋጉሎ ሳይበላ ቀርቶ ከኩሬው ሥር ሲበሰብስ የተረፈውን ጨርሶታል። ቆሮሶ በደንብ የሚያድገው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ በሚሞቅ ውሃ ነው፤ ጎንደር ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነች በክረምት ብርድ መብላቱን ይቀንሳል። ይህን ሳላውቅ እንደ በጋው እመግበው ነበር። በዚያ ጠዋት ያስፈልግ የነበረው መመገብ ማቆምና ንጹሕ ውሃ ማስገባት ብቻ ነበር፤ ይህን የሚነግረኝ ሰው ማጣቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

መድኃኒቱ የሚያስከትለው ጉዳት ደግሞ ከእኔ ኪሳራ ይብሳል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚጨመር አንቲባዮቲክ መድኃኒቱን የለመዱ ተሕዋስያን ያፈራል፤ ቅሪቱም በዓሣው ሥጋ ውስጥ ሊቆይና ወደ ገዢው ማዕድ ሊደርስ ይችላል። ኩሬው ሲፈስስም ከብት ወደሚጠጣው ወንዝ ይወርዳል።

ጥፋቱ የእኛም ነው። ላም ስታምጥ በሌሊት ሐኪም የምንጠራ ሰዎች፣ ዓሣ ሲያልቅብን ዕድላችን ነው ብለን ዝም እንላለን። የዓሣ ጫጩቶቹንም ከሌላ ቦታ ስናመጣ ጥገኛ ተሕዋስያን ይዘው እንደሆነ አናስመረምርም።

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ከወጣበት ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ከ20 ዓመት በላይ አልፏል፤ እኛ ግን ዓሣችን ሲታመም የምንሄድበት የለንም። ስለዚህ የሚመለከታቸው ኃላፊዎች ለጤና ኬላ ባለሙያዎች ስለ ዓሣ አጭር ሥልጠና እንዲሰጡ፣ ቢያንስ በወረዳ ደረጃ የውሃ ቴርሞሜትርና የኦክስጅን መለኪያ እንዲያስቀምጡ፣ የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምረው የጎንደር ዩኒቨርሲቲም ተማሪዎቹን ለተግባር ልምምድ ወደ ኩሬዎቻችን እንዲልክ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ለልምምዱ ቦታ ከታጣ የእኔ ኩሬ ክፍት ነው፤ አዲስ ጫጩት የማስገባው ክረምቱ ሲያልፍ ስለሆነ ከዚያ በፊት ቢመጡልኝ እመርጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ ዓሣ አርቢ፣ ከጎንደር ዙሪያ